መልካቸው ስለ ጠፋ ዐሥራ አንድ የሮማ ዲናሮች

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆኑት ዐሥራ አንድ የብር ገንዘቦች ናቸው። ይህ ጸሐፊ በአውሮፓ በትምህርት ላይ ሳለ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ በአንድ የወረቀት ከረጢት እንዳሉ ገዛቸው። በከረጢቱ ላይ «የሮማ ብር፤ መልኩ የጠፋ» ከሚል ጽሕፈት በቀር ከየት እንደ መጡ፣ በማን እጅ እንዳለፉ፣ መቼ ከመሬት እንደ ወጡ የሚያስረዳ አንዳች ቃል አልነበረም። ነጋዴው ዋጋ የቈረጠላቸውም እንደ ቍርጥራጭ ብር በሚዛን ነበር። መልካቸውም በእውነት የጠፋ ነው፤ ጅረት እንዳንከባለለው ጠጠር ለስልሰው፣ በከፊሎቹ ላይ ራስ ይሁን መርከብ፣ ሰው ይሁን ፈረስ ለመለየት እንኳ ያስቸግር ነበር።

ገንዘቦቹን ያየ አንድ ወዳጄ «አንዳንድ አድርገህ ለተማሪዎችህ አድላቸው፤ የጥንቱን ነገር በእጃቸው ዳስሰው ይወቁት» ሲል መከረኝ። ምክሩ የቸርነት ምክር ስለ ነበረ ለጊዜው ተቀበልኩት። ይሁን እንጂ ከማደሌ በፊት እያንዳንዱን ለይቼ ስሙን ልጻፍለት ብዬ ብጀምር ሥራው ካሰብኩት በላይ ረዘመ፤ በመጨረሻም የወዳጄን ምክር እንድተው ግድ አለኝ። ምክሩን ስለ ምን እንደ ተውኩት ከዚህ በታች እገልጻለሁ። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ ከጌታ ልደት በፊት የሆኑት ቅ.ል.ክ. የሚል ምልክት አላቸው።)

ዲናር የሚለው ስም ለእኛ አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። በወንጌል የወይኑ ቦታ ሠራተኞች የቀን ደመወዝም፣ ለቄሣር የሚከፈለው ግብርም የሚነገረው በዚሁ ስም ነው። ሮማውያን ይህን ገንዘብ መምታት የጀመሩት በ211 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ ከካርታጎው ከሐኒባል ጋር በሚዋጉበት ዘመን ነበር። ስሙ በሮማይስጥ «ዐሥር የያዘ» እንደ ማለት ነው፤ በመጀመሪያ አስ በሚባል የነሐስ ገንዘብ በዐሥር ይመነዘር ነበርና። በ141 ቅ.ል.ክ. ገደማ ምንዛሪው ዐሥራ ስድስት አስ ሲሆን ስሙ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ክብደቱ ሲጀመር አራት ግራም ተኩል ያህል ነበረ፤ ብዙም ሳይቈይ 3.9 ግራም ገደማ ላይ ረጋ። ከአንድ የሮማ ነጥር ብር 84 ዲናር ይመታ የነበረውን ኔሮን ቄሣር በ64 ዓ.ም. 96 እንዲመታ አዘዘ፤ የብሩንም ጥራት ቀነሰ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ነገሥታት እየዋለ እያደረ መዳቡን አበዙበት።

መልኩ የጠፋን ገንዘብ ለመለየት የመጀመሪያው ሥራ ሚዛን ነው ብዬ አስብ ነበር። ነገር ግን ሚዛን በእንዲህ ያለው ጉዳይ ላይ ክፉ አማካሪ ነው። ከኔሮን በፊት የተመታ ዲናር ለብዙ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ሲተሻሽ ኖሮ ከኔሮን በኋላ ከተመታው አዲስ ዲናር ጋር በክብደት ሊተካከል፣ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል። ከእኔ ዐሥራ አንድ ብሮች አብዛኞቹ ሦስት ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ከዚህ ቍጥር የሚገኘው ትምህርት ገንዘቦቹ ብዙ መሥራታቸው ብቻ ነው፤ የማን ዘመን እንደ ሆኑ አይናገርም።

ከሚዛን የሚሻለው ብርሃን ነው። ገንዘቡ በጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ መብራቱ ከጐኑ፣ ዝቅ ብሎ ሲበራበት፣ ከላይ ሲያዩት ባዶ የነበረው ፊት ጥላና ብርሃን ይለይበታል። ገንዘቡን ቀስ እያሉ ማዞር ያስፈልጋል፤ ከአንድ ወገን ብርሃን የተሰወረ መስመር ከሌላው ወገን ይገለጣልና። ከአራቱ ማዕዘን እያበሩ አራት ፎቶግራፍ አንሥቶ ጐን ለጐን ማስተያየት ደግሞ ከዓይን የበለጠ ያሳያል። ከሁሉ በፊት ግን የገንዘብ መልክ በምን ሥርዐት እንደሚጠፋ ማወቅ ይገባል። ከፍ ብሎ የተቀረጸው ቀድሞ ይበላል፤ ጕንጭ፣ ከጆሮ በላይ ያለው ጠጕር፣ የፈረሱ ጭን ቀድመው ይሄዳሉ። የአንገቱ ስፋት፣ የአገጩ መስመር፣ የጢሙ ጫፍ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍት ቦታ ግን ዘግይተው ይጠፋሉ። ስለዚህ መርማሪው መልኩን ትቶ ቅንብሩን መፈለግ አለበት። ሰውን ፊቱን ሳናይ በአካሄዱ ከሩቅ እንደምናውቀው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን መሰወር አይገባኝም። ገንዘቦቹን በገዛሁበት ዕለት ማታ ሦስቱን በሳሙናና በብሩሽ አጠብኳቸው። በስንጥቃቸው ውስጥ ቀላ ያለ አፈር ደርቆ ነበረ፤ እኔ እድፍ መስሎኝ ነው። ያ አፈር ገንዘቦቹ ከወጡበት ምድር ጋር የነበራቸው ብቸኛ ዝምድና መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሳይታጠቡ ከተረፉት ከስምንቱ በሰባቱ ላይ ያ ቀይ አፈር ዛሬም አለ። ስምንተኛው አፈር የለበትም፤ ለብዙ ዓመት በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ብር እንደሚጠቍረው ጠቍሮ ነው የተገኘው። ስለ ሦስቱ ግን አሁን ምስክር የለኝም፤ ምስክሩን በገዛ እጄ በውሃ አፍስሼዋለሁና።

ከሁሉ አብልጠው የለሰለሱት አራት ናቸው፤ መጀመሪያ የተለዩትም እነርሱ ሆኑ። በፊታቸው ባለመቅዘፊያ መርከብ፣ በጀርባቸው ሦስት ዘንግ የሚመስሉ ቋሚ መስመሮች ይታያሉ። መካከለኛው ዘንግ በጫፉ ላይ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ተሸክሟል። በሮማ ገንዘብ ላይ ይህን ቅንብር ያየ ሰው ብዙ መጠራጠር የለበትም፤ ማርቆስ አንቶንዮስ ለሠራዊቱ ደመወዝ ያስመታው ዲናር ነው። ወፉ የሌጌዎን ዓርማ የሆነው ንስር ነው፤ በግራና በቀኙ ያሉት የሻለቆቹና የመቶ አለቆቹ ጭፍሮች የሚከተሏቸው ዓርማዎች ናቸው። ከመርከቡ በላይ የአንቶንዮስ ስም ከክህነት ማዕርጉ ጋር፣ ከመርከቡ በታች ከሦስቱ የመንግሥት አቅኚዎች አንዱ መሆኑ ይጻፍ ነበር። ከንስሩ በታች ደግሞ «ሌግ» የሚል ጽሕፈትና የሌጌዎኑ ተራ ቍጥር አለ። የታወቁት ቍጥሮች ከሁለት እስከ ሃያ ሦስት ይደርሳሉ፤ ጥቂቶቹም ከቍጥሩ ጋር የሌጌዎኑን ስም ጨምረው ይዘዋል። በ1974 የታተመው የማይክል ክሮፎርድ የሮማ ሪፑብሊክ ገንዘብ መዝገብ እነዚህን ሁሉ በ544ኛው ቍጥር ሥር ሰብስቧቸዋል።

እነዚህ ዲናሮች የተመቱት በ32 እና በ31 ቅ.ል.ክ. አንቶንዮስ ከክሌዎፓትራ ጋር ሆኖ በግሪክ አገር ሠራዊቱንና መርከቦቹን ባሰለፈበት ጊዜ ነው። ሠራዊቱ ብዙ፣ ብሩ ጥቂት ስለ ነበረ በዘመኑ ከነበረው ዲናር ይልቅ መዳብ በዝቶባቸው ወጡ። መስከረም 2 ቀን 31 ቅ.ል.ክ. በአክቲዩም ባሕር ላይ አንቶንዮስ ድል ሆነ፤ በማግሥቱም ዓመት ራሱን ገደለ። ገንዘቡ ግን ከጌታው በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ሠራ። ምክንያቱ ለሰሚው እንግዳ ይመስላል፤ ዕድሜ የሰጠው ብሩ መጥፎ መሆኑ ነው። ጥሩ ብር ያለው ዲናር በእጁ የገባ ሰው ከሣጥኑ ያኖረዋል፤ አንጥረኛም ያቀልጠዋል። መዳብ የበዛበትን ግን ማንም አያስቀምጠውም፤ እንደ ተቀበለው ቶሎ ለሌላው ይከፍለዋል። ካሲዮስ ዲዮ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚነግረን ትራያኖስ ቄሣር በ107 ዓ.ም. ገደማ ያረጀውን ገንዘብ ሁሉ ሰብስቦ አቀለጠ። በዚያን ጊዜ የሪፑብሊኩ ዘመን ጥሩ ዲናሮች ከገበያ ጠፉ ለማለት ይቻላል። የአንቶንዮስ ዲናሮች ግን ለማቅለጥ የሚያጓጓ ብር ስላልነበራቸው አመለጡ። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተቀበሩ ድልቦች ውስጥ እንኳ ይገኛሉ። ከዚያ በፊት ማርቆስ አውሬልዮስና ሉክዮስ ቬሮስ ለስድስተኛው ሌጌዎን መታሰቢያ ይህንኑ መርከብና ንስር የያዘ አዲስ ዲናር አስመትተዋል። ከሞት በኋላ በጠላቶቹ ዘሮች ከተማ እንዲህ የታደሰ ገንዘብ እምብዛም አላውቅም።

ሕዝብ አሮጌውን መልክ የሚወድድበት ምክንያት ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ታኪቶስ በ98 ዓ.ም. ስለ ጀርመናውያን በጻፈው መጽሐፍ፣ ለሮማ ወሰን የቀረቡት ነገዶች ከሮማ ገንዘብ ውስጥ ያረጀውንና ለረጅም ጊዜ የታወቀውን፣ ይኸውም ጠርዙ እንደ መጋዝ የተቈራረጠውንና ሁለት ፈረስ የሚስበው ሠረገላ ያለበትን እንደሚመርጡ ይመሰክራል። ይህን ስናነብ የራሳችን ጠገራ ብር ወዲያው ትዝ ይለናል። የኦስትርያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች፤ በስሟ የሚመታው ብር ግን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ወደ አገራችን ይገባ ነበር። የገበያ ሰው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥር ነበር፤ ዕንቍው ካልታየ ወይም ከጐደለ አልቀበልም ይል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ያስመቱት ብር በወጣ ጊዜም አያሌ ዘመን የቈየው የጠገራው ክብር ቶሎ አልወረደም።

ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አያስኬድም፤ ልዩነቱም ከመመሳሰሉ ይልቅ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። የእኛ ገበያ መልኩ የጠፋውን ጠገራ ይመልሰው ነበር፤ የሮማ ገበያ ግን መልኩ የጠፋውን የአንቶንዮስ ዲናር ሳይመልስ ተቀበለ። ጠገራው ዋጋው በውስጡ ባለው ብር ላይ የቆመ፣ ከውጭ የመጣ ገንዘብ ስለ ነበረ፣ መልኩ የብሩ ዋስ ነበር። ዲናሩ ግን በሮማ ግዛት ውስጥ በመንግሥት በታወቀ ምንዛሪ በቍጥር የሚከፈል ነበር። ቀረጥ ሰብሳቢው እስከ ተቀበለው ድረስ ወታደሩም፣ ባለ ሱቁም ዕንቍ መቍጠር አያስፈልጋቸውም ነበር። ከሮማ ወሰን ውጭ ያለው ጀርመናዊ ግን የእኛን ነጋዴ ይመስላል።

ዲናር ወደ እኛም ባሕር ዳርቻ ደርሶ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መምሪያ ወደ አዱሊስ የሚገባውን ሸቀጥ ሲዘረዝር በዚያ ለሚቀመጡት የውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል። ጥቂት ማለቱ ልብ ይባላል፤ የአገሬው ሰው ገና በገንዘብ ሳይሆን በሌላ ነገር ይገበያይ ነበርና። የአክሱም ነገሥታት የራሳቸውን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ማስመታት የጀመሩት በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው።

ወደ ከረጢቱ እንመለስ። ነጋዴው ከዐሥራ አንዱ አንዱን ብቻ ለይቶ «ይህ የወንጌሉ ዲናር ነው» ብሎኝ ነበር። ይህ ስም በገንዘብ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ጌታ «ይህ መልክ የማን ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ የቀረበለት በዘመኑ የነበረው የጢባርዮስ ቄሣር ዲናር ሳይሆን አይቀርም የሚል አስተያየት ስላለ፣ የጢባርዮስ ዲናር ከእኩዮቹ ይልቅ ብዙ ዋጋ ያወጣል። የጢባርዮስ ዲናር በጀርባው በዙፋን ላይ የተቀመጠች፣ በአንድ እጅዋ በትር፣ በአንድ እጅዋ ቅርንጫፍ የያዘች ሴት አለችበት፤ ብዙ ሊቃውንት እናቱ ሊቪያ ናት ይላሉ። በእኔም ገንዘብ ጀርባ የተቀመጠች ሴት አለች። ፊደል ግን አንድም አልቀረም። ታዲያ በምን ይለያል?

በፊቷ አቅጣጫ ይለያል። የጢባርዮስ ሴት ወደ ቀኝ ዞራ ትቀመጣለች። የእኔዋ ወደ ግራ ዞራለች። ወደ ግራ ዞራ፣ ቅርንጫፍ ይዛ የምትቀመጠው ሰላም የተባለችው የሮማውያን አምላክ ናት፤ ቬስፓስያኖስ በ69 ዓ.ም. የርስ በርስ ጦርነቱን አሸንፎ ከነገሠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት በዲናሩ ላይ አስቀርጿታል። ገልብጬ ፊቱን በብርሃን ብመረምር ፍርዱ ጸና፤ የጢባርዮስ አንገት ቀጭን፣ አፍንጫውም ሹል ሲሆን፣ በዚህ ላይ ያለው ጥላ አንገተ ወፍራም፣ ራሱ በራ የሆነ፣ አገጩ ወደ ፊት የገፋ ሽማግሌ ነው። ቬስፓስያኖስን ሐውልቱን ያየ ሁሉ በዚህ ያውቀዋል። ነጋዴው ሆነ ብሎ አሳስቶኛል አልልም፤ የተቀመጠች ሴት አይቶ ደስ ያለውን ስም ሰጣት። እኔም ከሁለት ወር በላይ አምኜው ቈይቻለሁ፤ ለሰው አሳይቼ የተመካሁበትም ቀን አለ።

የቀሩትን በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። ሁለቱ የትራያኖስ ናቸው፤ ጢም የለውም፣ ጠጕሩ በግንባሩ ላይ ተለጥፎ ወርዷል፣ በአንደኛውም ጀርባ «ለበጎው ንጉሥ» ከሚለው ጽሕፈት መካከል አምስት ፊደላት ተርፈዋል። አንዱ ጢም ማሳደግን በነገሥታቱ ዘንድ ያስለመደው የሃድርያኖስ ነው። አንዱ ፊቱ ረዘም ያለው የአንቶኒኖስ ፒዮስ ነው፤ በጀርባው «ኮስ» የሚለው ጽሕፈትና አራት ጭረት ይነበባል፤ ይኸውም አራተኛ ጊዜ ቆንሲል ሆነ ማለት ነው። አራተኛ ጊዜ ቆንሲል የሆነው በ145 ዓ.ም. ነውና ገንዘቡ ከዚያ ዓመት አይቀድምም። አንዱ የሚስቱ የፋውስቲና ነው፤ ጠጕሯ ተጐንጕኖ በአናቷ ላይ ስለ ተከመረ ከልጅዋ ከታናሺቱ ፋውስቲና በቀላሉ ትለያለች። ስሟ ላይ «አምላካዊት» የሚለው ቅጽል ስላለ ከሞተች በኋላ የተመታ ነው። እነዚህ ሁለት የመጨረሻዎቹ ከሁሉ ይልቅ መልካቸውን የጠበቁ ናቸው።

ዐሥራ አንደኛው ደግሞ ያ አፈር የሌለበት ጥቍር ብር ነው። በፊቱ የአጵሎን ራስ፣ በጀርባው ፈረሱን እያስጋለበ የሚበር ጋላቢ አለበት። ይህን ያስመታው ሉክዮስ ፒሶ ፍሩጊ በ90 ቅ.ል.ክ. የገንዘብ መምቻ ቤት ሹም ነበረ። በዚያን ጊዜ የኢጣሊያ አገሮች በሮማ ላይ ዐምፀው ስለ ነበረ ለጦሩ ብዙ ገንዘብ አስፈለገ። የፒሶም ዲናር እጅግ ብዙ ሆኖ ተመታ፤ መምቻዎቹን ለመቈጣጠር የተቀረጹት የፊደልና የቍጥር ምልክቶች ብዛት ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ለረጅም ጊዜ የከረጢቱ ዕንቍ ይህ መሰለኝ። ከሁሉ የሚያረጀው እርሱ ነው፤ ሆኖም ፈረሱም ጋላቢውም በግልጽ ይታያሉ።

ያስጠረጠረኝ ይኸው ግልጽነቱ ነው። ከቬስፓስያኖስ በ160 ዓመት ይቀድማል፤ ግን ከቬስፓስያኖሱ ያነሰ ተበልቷል። ዐሥራ አንዱ በአንድ ገበያ አብረው ሲዞሩ ኖረው በአንድ ቀን ተቀብረው ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። በሌሎቹ በዐሥሩ ላይ መበላቱ እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፤ ፋውስቲናና አንቶኒኖስ ፒዮስ ጥቂት፣ ሃድርያኖስ ከዚያ ይልቅ፣ ሁለቱ ትራያኖሶች አብልጠው፣ ቬስፓስያኖስ ይበልጥ፣ የአንቶንዮስ መርከቦች ከሁሉ በላይ። እንዲህ ያለው ሥርዐት የሚገኘው ገንዘቦቹ ከአንድ ዘመን ገበያ በአንድ ጊዜ የተነሡ ሲሆኑ ነው። ከላይ እንዳልኩት ከትራያኖስ በኋላ የሪፑብሊኩ ጥሩ ብር ከገበያ ወጥቷል፤ የአንቶንዮሱ ግን ቀርቷል። ስለዚህ ከ145 ዓ.ም. በኋላ በተቀበረ ድልብ ውስጥ አራት የአንቶንዮስ ዲናር ማግኘት የሚጠበቅ ነው፤ መልኩ ያልጠፋ የፒሶ ዲናር ማግኘት ግን አይጠበቅም። አፈሩም ይህንኑ ይመሰክራል። ፒሶው ከሌላ ሰው መሳቢያ ወጥቶ፣ ምናልባት ከረጢቱን ለማሳመር፣ በነጋዴ እጅ የተጨመረ እንግዳ ነው።

እንግዲህ ለብቻው ሲታይ ከሁሉ የሚያምረው ገንዘብ ለማኅበሩ ምንም የማይናገር ሆነ፤ ለብቻቸው ዋጋ ያጡት አራት ለስላሶች ግን የዐሥሩን አንድነት የሚያስረዱ ምሰሶዎች ሆኑ። እያንዳንዱን ለተማሪ አድዬው ቢሆን ኖሮ አንዱ ተማሪ «የፒሶ ዲናር አለኝ» ይል ነበር፤ ሌላው መልክ የሌለው ብር ይዞ አንገቱን ይደፋ ነበር። ዐሥሩ በአንድነት የሚሉትን ግን ማንም አይሰማም ነበር።

የአንድነት ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከመጠራ ይታያል። በዚያ በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ጌጥ የሆኑ የሮማ የወርቅ ገንዘቦች ከወርቅ መስቀሎችና ከሰንሰለቶች ጋር ተገኙ። ገንዘቦቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው መቶ ዓመት ነገሥታት ናቸው። በተናጠል በገበያ ቢገዙ ማንም በተመቱበት ዘመን ወደ አገሩ ገብተው በዚያው ዘመን የተቀበሩ ይመስለው ነበር። መስቀሎቹ አብረዋቸው በመገኘታቸው ግን የተቀበሩት ክርስትና ከገባ በኋላ፣ ገንዘቦቹም ለትውልድ ትውልድ እንደ ጌጥ ተጠብቀው ከኖሩ በኋላ መሆኑ ታወቀ። በሌላ በኩል በ1929 በቡልጋሪያ በሬካ ዴቭንያ የተገኘው ድልብ ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ዲናር ነበረበት። የአንቶንዮስ መርከቦችም በውስጡ ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ ገንዘቦች ግን በሦስተኛው መቶ ዓመት መካከል የተመቱ ናቸው። ሊቁ ሙሽሞቭ መዝግቦ ያተመው 81,044ቱን ነው፤ የቀረው ሳይመዘገብ በየሰው እጅ ተበትኗል። ዛሬ በየነጋዴው ከረጢት ውስጥ ካሉት ለስላሳ ዲናሮች መካከል ስንቶቹ የእርሱ ወገኖች እንደ ሆኑ ማን ይነግረናል?

አንድ ሊቅ ወዳጄ ዐሥሩን በራጅ ብርሃን መርማሪ መሣሪያ ቢያስመረምሩ የብሩ ጥራት ዘመናቸውን ያረጋግጣል አለኝ። ያም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻዋል። ብርና መዳብ የተቀላቀለበት ገንዘብ ገና ከመምቻ ቤቱ ሳይወጣ በላዩ ያለው መዳብ ይቀንሳል፤ በመሬት ውስጥም ሲቈይ እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ላዩን ብቻ የሚያይ መሣሪያ ብሩን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል። ቡቸርና ፖንቲንግ በ2014 ባወጡት መጽሐፍ ከገንዘቡ ልብ ናሙና እያወጡ ከኔሮን እስከ ትራያኖስ ያለውን ዲናር መርምረው፣ ላዩን ያዩት የቀድሞ ምርመራዎች ጥራቱን አብዝተው እንደ ነበር አሳይተዋል። ናሙና ለማውጣት መብሳት ግድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አጥቤ ስለ ተቀጣሁ ለመብሳት አልቸኩልም።

ዐሥሩ አሁን በአንድ ሣጥን፣ በአንድ መዝገብ፣ ሳይታጠቡ ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱ ውስጥ የታጠቡት ሦስቱ የታጠቡ መሆናቸው ተጽፎባቸዋል። ፒሶው በሌላ ወረቀት ለብቻው ነው። ተማሪዎቹ የሚያዩት ፎቶግራፉን ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ መብራቱን አስቀምጠን በተራ ብሮቹን እናዞራለን። ከአራቱ መርከቦች የሁለቱ የሌጌዎን ቍጥር ፈጽሞ ጠፍቷል። የሦስተኛው ዐሥርን በሚያመለክተው መስቀለኛ ምልክት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ልሙጥ ነው። በአራተኛው ላይ አምስትን የሚያመለክተው ሹካ መሳይ ምልክት ከንስሩ ዘንግ ጥግ ይታያል፤ ከእርሱ ቀጥሎ አንድ ጭረት ብቻ ስለ ታየኝ ስድስተኛው ሌጌዎን ብዬ መዝግቤው ነበር። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ መብራቱን ወደ ግራ አዙራ፣ ገንዘቡን ወደ ዓይንዋ ሳታስጠጋ ርቃ አይታ፣ «ሁለተኛ ጭረት አለ፤ ከእርሱም በኋላ ለሦስተኛ የሚበቃ ቦታ አለ» አለች። ብናየው እውነትዋን ነው። መዝገቡን «ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው» ብለን አርመነዋል።